ከተማው ሲበተን ክለቡ ምን ይተርፈዋል? የግሪንዳቪክ ቅርጫት ኳስ

ሜይ 29 ቀን 2024 እኩለ ቀን ጥቂት እንዳለፈ፣ ከአይስላንዷ ግሪንዳቪክ ከተማ በስተሰሜን ያለው መሬት ተተርትሮ ቅልጥ ዓለት ይተፋ ጀመር። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አምስተኛው ፍንዳታ መሆኑ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ የከተማዋ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሬይካቪክ ውስጥ ከቫሉር ክለብ ጋር የአይስላንድን ሻምፒዮን የሚለየውን አምስተኛ ጨዋታ ተጫወተ። 80 ለ 73 ተሸነፈ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪንዳቪክ በኖቬምበር 2023 በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት በሙሉ ስለተለቀቀች፣ ያ ቡድን የውድድር ዘመኑን አብዛኛውን ክፍል የጨረሰው ያለ ከተማ ነው። ደጋፊው በዘመድ ቤትና በኪራይ ቤት ተበትኖ፣ “ሜዳዬ” ብሎ የሚጫወትበት አዳራሽ የሌላ ክለብ ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው ጨዋታ መድረሱ በእርግጥ ያስደንቃል። ወሬው ሁሉ ወደ ጽናት ያዘነበለውም ለዚህ ነው። የክለብን ሥራ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ዋናው ቡድን በምን ተረፈ? ከተረፈስ በኋላ የጎደለው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ ከሚመስለው ይቀላል፤ ሁለተኛው ከሚመስለው ይከብዳል።

የሦስት ክለቦች ባሕረ ገብ መሬት

ግሪንዳቪክ በሬይክያኔስ ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከመፈናቀሉ በፊት 3,800 ገደማ ሕዝብ ነበራት። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ትልቅ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ያነሰ ሕዝብ ማለት ነው፤ በዚህ ቁጥር የአገሪቱ ሻምፒዮን መሆን እንዴት ይቻላል ብሎ የሚገረም ጎረቤቶቿን ይመልከት። ኬፍላቪክና ንያርድቪክ እዚያው ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ በመኪና ከግማሽ ሰዓት በታች በሆነ መንገድ ላይ ናቸው። ከ1991 እስከ 1999 የተደረጉት ዘጠኝ ሻምፒዮናዎች አንዱም ከሦስቱ እጅ አልወጣም። ንያርድቪክ አራት፣ ኬፍላቪክ አራት፣ ግሪንዳቪክ አንድ ወስደዋል። ዋና ከተማዋ ሬይካቪክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳር ቆማ አየች።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት እስከ 2006 ድረስ ኬፍላቪክ አጠገብ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነው፤ ጨዋታው በዚያ በኩል ቀድሞ ገብቷል። እኛ ግን ለሌላው ምክንያት የበለጠ ክብደት እንሰጣለን። በአይስላንድ የክለብ አዳራሽ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው፤ ቀን የትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይካሄድበታል፣ ከሰዓት በኋላ የልጆች ልምምድ፣ ማታ የዋናው ቡድን። ክረምቱ ጨለማና ነፋስ በሆነበት አገር፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት ሞቃት አዳራሽ ካለ፣ ልጁ እዚያው ያድጋል። ከተማዋ ትንሽ መሆኗ እዚህ ላይ ጥቅም ነው። ሁሉም ነገር ቅርብ ነው።

የክለቡ እናት ማኅበር የግሪንዳቪክ ወጣቶች ማኅበር ሲሆን የተመሠረተው በ1935 ነው። እንደ አገሪቱ ልማድ ብዙ የስፖርት ዓይነት በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የበጎ ፈቃደኞች ቦርድና የራሱ ኪስ አለው። የቅርጫት ኳስ ክፍሉ በ1990ዎቹ መካከል ከ1994 እስከ 1997 በተከታታይ አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ። ሁለቱን በንያርድቪክ፣ የመጨረሻውን በኬፍላቪክ ተሸነፈ። የ1996ቱን ግን በፍሪድሪክ ኢንጊ ሩናርሶን አሠልጣኝነት ኬፍላቪክን አሸንፎ የመጀመሪያ ሻምፒዮናውን ወሰደ። የዚያ ዘመን ምሰሶ የነበረው ጉድሙንዱር ብራጋሶን ለብሔራዊ ቡድን 169 ጊዜ ተሰልፏል።

ቀጥሎ ረጅም መራብ መጣ። የጥሎ ማለፍ ዋንጫውን በ1995፣ በ1998፣ በ2000 እና በ2006 ቢያገኝም የሊጉ ሻምፒዮና ራቀው። በ2009 ሊያገኘው ነበር፤ በአምስተኛው ጨዋታ ከሬይካቪኩ ኬአር ጋር ተፋጥጦ 84 ለ 83 ተሸነፈ፤ አንድ ነጥብ! በ2012 ቶር ቶርላውክስሆፍንን፣ በ2013 ስትያርናንን አሸንፎ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። የ2012ቱን ቡድን ያሠለጠነው ሄልጊ ዮናስ ጉድፊንሶን በ1996 በተጫዋችነት ዋንጫ ያነሣ የክለቡ ልጅ ነው። በ2014 የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ለአምስተኛ ጊዜ ወሰዱ፤ ሊጉ ላይ ግን በዚያው ዓመት እና በ2017 የፍጻሜ መንገዳቸውን የዘጋው ኬአር ነበር። ኬአር ከ2014 እስከ 2019 ስድስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነውና በእሱ መሸነፍ ብዙ አያሳፍርም።

ከዋንጫው ይልቅ ግን የሰዎቹ መዝገብ የበለጠ ይናገራል። በሊጉ ታሪክ 1,000 ባለሦስት ነጥብ ውርወራ ለማስቆጠር የመጀመሪያው የሆነው ፓውል አክሴል ቪልበርግሶን ያደገው ግሪንዳቪክ ነው። የጉድሙንዱር ብራጋሶን ልጅ ዮን አክሴል ከዚያው አዳራሽ ተነሥቶ አሜሪካ ዴቪድሰን ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ ከዚያም በጀርመን፣ በጣሊያንና በስፔን። ከተማዋ በተፈናቀለችበት ዓመት አሠልጣኙ ዮሃን ቶር ኦላፍሶን፣ አምበሉ ወንድሙ ኦላፉር ኦላፍሶን ነበሩ። ሌላው ወንድም ቶርሌይፉር የሴቶቹን ቡድን ያሠለጥን ነበር። አንድ ሳሎን ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ከኖቬምበር 10 በኋላ

ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ በረታ፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከተማዋ በሙሉ እንድትለቀቅ ታዘዘ። ከምድር ሥር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የማግማ ግድግዳ ተሰንጥቆ ገብቶ የከተማዋን ሥር አልፎ ነበር። ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ተመሳሳይ ስንጥቅ ተከፍቷል፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያም በፈንታሌና በዶፈን መካከል በተፈጠረው ምክንያት ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። አይስላንድና አፋር የመሬት ቅርፊት በየብስ ላይ ሲለያይ በዓይን የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ማግማው ወደ ላይ ሳይወጣ ጎን ለጎን እየሰነጠቀ ሲሄድ ነው ቤትና መንገድ የሚያበላሸው።

ግሪንዳቪክ ውስጥ የተፈጠረውም ይኸው ነው። የከተማዋ አንድ ክፍል ከአንድ ሜትር በላይ ሰመጠ። የቤት ውስጥ እግር ኳስ ሜዳው፣ ሆፒድ የሚሉት፣ ከሰው ሠራሽ ሣሩ ሥር ትልቅ ስንጥቅ ወጣበት። ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ፍንዳታው ከተማዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ሦስት ቤት አቃጠለ። በፌብሩዋሪ ደግሞ ቅልጥ ዓለቱ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ቆርጦ በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ከ20,000 በላይ ሰው በክረምት ያለ ሙቀት ቀረ። “ጎረቤት ከተማ ሄደው ይጫወቱ” ማለት ይቀላል፤ ጎረቤቱም ያው መሬት ላይ ነው።

ከተማዋ በተለቀቀች በስምንተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 18፣ የወንዶቹም የሴቶቹም ቡድን ስማውሪን በተባለው አዳራሽ ተጫውተው ሁለቱም አሸነፉ። አዳራሹ ከሬይካቪክ ጋር የተያያዘችው የኮፓቮጉር ከተማ ክለብ የብሬይዳብሊክ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የግሪንዳቪክ “ሜዳ” ይኸው ሆነ።

የተረፈው በምን ተረፈ?

ዋና ቡድን ቀላል ዕቃ ነው። በጨዋታ ቅጽ ላይ የሚጻፈው 12 ስም ነው። ሊጉ 12 ክለቦች አሉት፤ መደበኛው ውድድር 22 ጨዋታ ሲሆን በሜዳ የሚደረገው 11 ነው። ማለትም ሻምፒዮኑ ከሚለይበት የመጨረሻ ፍልሚያ በፊት በዓመት 11 ምሽት አዳራሽ ካገኙ ጨዋታው ይካሄዳል። ከዚያ ስምንቱ አላፊ ክለቦች አምስት በሚደርስ ጨዋታ፣ ቀድሞ ሦስት ያሸነፈ በሚያልፍበት ሥርዓት ይፋለማሉ። ግሪንዳቪክ በ2024 ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ቲንዳስቶልን 3 ለ 0፣ ከዚያ ኬፍላቪክን 3 ለ 2 አሰናበተ።

ሁለተኛው ምክንያት የተጫዋች ደንቡ ነው። ደንቡ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና አገሮች ለሚመጣ ተጫዋች ሰፊ በር ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ውጪ የሚመጣው ግን፣ በተግባር አሜሪካዊ ማለት ነው፣ በቁጥር የተገደበ ነበር። ስለዚህ ከተማ የሌለው ክለብም ገንዘብ ካገኘ ቡድን መሥራት ይችላል፤ የሚመጣው ሰው ኮፓቮጉር ቢያድር ግሪንዳቪክ ቢያድር ለውጥ የለውም። ዲአንድሬ ኬንና በ2025 የመጣው ጄረሚ ፓርጎ ሁለቱም ለማካቢ ቴል አቪቭ የተጫወቱ ናቸው፤ እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን ስማቸውን ያስታውሱ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖሪያ ለሌለው ክለብ መፈረማቸው ገንዘቡ እንዳልተቋረጠ ያሳያል። በ2025ም ቫሉርን 3 ለ 1 ጥለው ለግማሽ ፍጻሜ ደርሰው፣ በኋላ ሻምፒዮን በሆነው ስትያርናን 3 ለ 2 ተሸነፉ።

ሦስተኛው ሕዝቡ ነው። ለወትሮው በየሱቁና በወደቡ የሚገናኝ ሰው አሁን መገናኛ የለውም። ጨዋታው ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያገኝበት ቦታ ሆነ፤ ስለ ኳሱ ግድ የሌለውም ትኬት ገዛ። ይህ ግን ዕድሜ ያለው ገቢ አይደለም። ሰው በአዲሱ ሰፈሩ ሥር ሲሰድ እየሳሳ የሚሄድ ነው።

በየሳምንቱ የሚያደክመው

ከውጭ የማይታየው ድካም በጨዋታ ጠረጴዛው ይጀምራል። ለአንድ የሊግ ጨዋታ ሦስት ዳኛ ሜዳ ውስጥ፣ አራት ሰው ጠረጴዛው ላይ ያስፈልጋል፦ ቅጽ የሚሞላ፣ ረዳቱ፣ የጨዋታ ሰዓት የሚይዝ፣ አጥቂው ቡድን ኳሱን ወደ ቀለበት መወርወር ያለበትን የ24 ሰከንድ ሰዓት የሚይዝ። ጠረጴዛውን የሚያሟላው ባለ ሜዳው ነው። የመጨረሻው ወንበር በተለይ ልምድ ይጠይቃል፤ ኳስ ቀለበት ነክቶ አጥቂው መልሶ ሲይዘው ወደ 14 እንጂ ወደ 24 አይመለስም፤ እዚህ ላይ መሳሳት በጠባብ ጨዋታ ክስ ያስነሣል። እነዚህ ሰዎች በጎ ፈቃደኛ ወላጆችና የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። ወላጁ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ልጁ ሌላ ክለብ ገብቶ ከሆነ፣ በሐሙስ ማታ ማን ይመጣል?

አዳራሽ መጋራትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ወለል ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የባለቤቱ ክለብ ስፖንሰር ነው። የእንግዳው ስፖንሰር የሚሸፈንና የሚገለጥ ነገር ይጠይቃል፤ ይህ በየጨዋታው ሰዓት ይበላል። የበርገር ጥብሻው ገቢ፣ በአይስላንድ ክለቦች የማይናቅ ገንዘብ ነው፣ ለማን እንደሚገባ መስማማት ያስፈልጋል። ልምምድ ደግሞ የሚተርፈውን ሰዓት መውሰድ ነው፤ የባለቤቱ ክለብ ልጆች ካለቁ በኋላ ማታ፣ አንዳንዴም ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞሩ። ቀን ሌላ ሥራ የሚሠራና ቤቱን ያጣ የአገር ተወላጅ ተጫዋች ይህ ሁሉ ሲጨመርበት፣ ከውጭ ከተፈረመው ሰው ይልቅ እሱ ነው ቀድሞ የሚደክመው።

ልጆቹ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በገንዘብና በትዕግሥት ይታለፋል። የሚከተለው አይታለፍም።

ሒሳቡን ቀለል አድርገን እንሥራው። ወንድና ሴት ተለይተው ስምንት የልጆች ቡድን ቢኖር፣ እያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ቢሠለጥን 24 የአዳራሽ ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ከትምህርት በኋላና ከእራት በፊት ባለው ጊዜ። ይህን ሰዓት በተከራይነት የሚያስተርፍ ሌላ ክለብ የለም፤ የገዛ ልጆቹ ናቸው በዚያ ሰዓት የሚገቡት። ቢገኝ እንኳ የግሪንዳቪክ ልጅ አሁን በየከተማው ተበትኖ ነው ያለው፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ግማሽ ሰዓት እየነዳ የሚያመላልስ ወላጅ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለተፈናቃይ ልጆች ሬይካቪክ ውስጥ ጊዜያዊ ትምህርት ቤቶች ነበሩና የክፍል ጓደኛሞች አብረው ቆዩ። ከ2024 መኸር ጀምሮ ግን እያንዳንዱ በሚኖርበት ሰፈር ትምህርት ቤት ገባ። በአገሪቱ ያሉ ክለቦችም በራቸውን ከፍተው የግሪንዳቪክ ልጆችን ተቀበሉ። ደግ ሥራ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር ሊያደርግ አይገባም ነበር። የደግነቱ ውጤት ግን ልጁ የሌላ ማልያ ለባሽ መሆኑ ነው።

ከዚያ የቤት ግዢው መጣ። በ2024 መጀመሪያ የወጣው ሕግ መንግሥት በቶርካትላ ኩባንያ በኩል የነዋሪውን ቤት በእሳት መድን ግምቱ 95 በመቶ እንዲገዛ ፈቀደ፤ ከ900 በላይ ቤት ተሸጠ። ለቤተሰቡ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ በተሰነጠቀ መሬት ላይ ዕዳ ተሸክሞ ከመኖር ይሻላል። ለክለቡ ግን ልጅ ያለው ቤተሰብ ወጥቶ ቀረ ማለት ነው። የእግር ኳሱ ክፍል ይህን ቀድሞ ተቀብሎታል፤ የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድን በ2025 ከንያርድቪክ ጋር ተዋሕዶ ተጫውቷል። ሠላሳ ዓመት ባላንጣ ከነበረ ጎረቤት ጋር!

አይስላንዳውያን ሄይማኤይን እያነሡ ተስፋ ያደርጋሉ። በ1973 እዚያች ደሴት ላይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከ5,000 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት በጀልባ ወጣ፤ ፍንዳታው በጁላይ ሲያበቃ አብዛኛው ተመለሰ። የደሴቲቱ ክለብ ኢቤቪም በ1979 የአገሪቱ የእግር ኳስ ሻምፒዮን ሆነ። ንጽጽሩ ያጽናናል፣ ግን አይገጥምም። ሄይማኤይ አንድ ፍንዳታ ነበር፤ መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ግሪንዳቪክ ላይ ከዲሴምበር 2023 እስከ ጁላይ 2025 ዘጠኝ ጊዜ ፈንድቷል፤ ቤት የሚሠራ ሰው የሚጠብቀው “አበቃ” የሚል ቀን እስካሁን አልመጣም።

የ2025-26 ውድድር ሲጀመር ዋናው ቡድን ወደ ግሪንዳቪክ አዳራሽ ተመልሷል። አዳራሹ የተሰየመው በኤችኤስ ኦርካ ነው፤ ከከተማዋ ጀርባ ያለውን፣ በአፈር ግንብ ከቅልጥ ዓለቱ የተከለለውን የስቫርትሴንጊ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ነው። መመለሱ ለአዛውንቱ ደጋፊ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቦርዱም ኪራይና ድርድር ቀለለ። በሌላ በኩል፣ ሰው የሞላበት አዳራሽ በማስጠንቀቂያ ጊዜ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ማወቅ ግድ ነው፤ ይህ ሌላ ክለብ የማያውቀው ሥራ ነው። ዋናው ነገር ግን ጨዋታ መመለሱና ልምምድ መመለሱ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ተመልካቹ በመኪና መጥቶ በመኪና ይመለሳል።

የክለቡ ምርጫ እንደምናየው ሦስት ነው፦ በስም ግሪንዳቪክ ሆኖ በፈረመ ተጫዋች መቀጠል፣ ልጆቹን ከንያርድቪክ ወይም ከኬፍላቪክ ጋር በጋራ ቡድን ማሳደግ፣ ወይም ቤተሰብ እስኪመለስ ዋናውን ቡድን አሳንሶ መጠበቅ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ለደጋፊው የሚመር ቢሆንም ልጁ ቢያንስ የግማሽ ማልያው ቀለም የግሪንዳቪክ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነው፤ አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ለብዙ ዓመት ጉድለቱ አይታይም። ከተማዋ በተለቀቀችበት ሌሊት ስምንት ዓመት የነበረው ልጅ 18 ዓመት የሚሞላው በ2032 መጨረሻ ወይም በ2033 ነው። የትኛው ክለብ ስም ሥር ተመዝግቦ እንደሚገኝ የሚወስነው ግን አሁን የሚለማመድበት አዳራሽ ነው።